ኅብረተሰቡ ያልመጣበት የጭቃ ቀን

ሮቤ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር የያዘች ጠባብ ክፍል አለችኝ። በሯ ላይ «የጽሕፈት አገልግሎት» ይላል። ሰው ችግሩን በቃል ይነግረኛል፤ እኔ ቢሮ በሚገባው ቋንቋ አድርጌ እጽፍለታለሁ፤ ሲፈልግ በኦሮምኛ፣ ሲፈልግ በአማርኛ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ የቀረውን ከአሮጌ መጻሕፍት፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከሌሎች ሰዎች ማመልከቻ እየለቀምኩ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ይህን የሚናገረው ለመኩራራት ነው ብሎ የሚጠረጥር ካለ፣ ልክ ጠርጥሯል።

የሥራዬ ትልቁ ክፍል ሰዎችን ወደ ሕዝብ መለወጥ ነው። ለምሳሌ አንዲት ሴት ትመጣና «ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። እኔም፣ እነዚያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉትም፣ እግሯን የሚያማት ሴትዮ እንኳ ሳትቀር ከወንዝ እየቀዳን ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «የአካባቢው ኅብረተሰብ በንጹሕ መጠጥ ውሃ እጦት ለከፍተኛ እንግልት ተዳርጓል» ብዬ እጽፍና ድምፄን ጎላ አድርጌ አነብላታለሁ። ሴትየዋ ትንሽ ታስብና «እግሯን የሚያማትስ?» ትለኛለች።

«ውስጥ አለች» እላታለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ቃላት መራጭ ሆንኩ። ለማዘጋጃ ቤት ሲሆን «ነዋሪው» እል ነበር። ልማት ለመጠየቅ «ኅብረተሰቡ» ይሻላል። ደብዳቤው ውስጥ ትንሽ ቁጣ መግባት ካለበት «ሰፊው ሕዝብ»፣ ልመና ከሆነ ደግሞ «አቅመ ደካማው የኅብረተሰብ ክፍል»። «ተራው ሰው» የሚለውን ለደንበኛ አልሰጥም፤ ለራሴ ያስቀመጥኩት ነበር። ከሥራ ወጥቼ ፌስቡክ ላይ ስጽፍ ከእሱም ወርጄ «መንጋ» እላለሁ። አንድ ጊዜ እኔ ለምን መንጋውን እንደማልከተል የሚያስረዳ ረጅም ጽሑፍ አወጣሁ። ሁለት ሰው ወደደው፤ አንደኛው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ግን ለዚህ ሁሉ ያላት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ሰው»። ሰው መጣ፣ ሰው ታመመ፣ ሰው ምን ይላል። አንድ ቀን በሕዝብና በኅብረተሰብ መካከል ያለውን ልዩነት ላስረዳት ሞከርኩ። እስክጨርስ ታገሰችኝና «እሺ፤ ቤታችን ሲመጡ ግን ሁሉም ሻይ ነው የሚጠጡት?» አለችኝ።

በአገራችን ሰላምታ ረጅም ነው። ስለ ሰውየው ጤና ይጠየቃል፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ እንደገና ስለ ሰውየው። እኔ ይህን ሁሉ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ በማድረግ ብቻ እጨርሰው ነበር። ሰዎች ጭምት ነው፣ የሚያስበው ነገር አለው የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ሠፈሩ ለዓመታት ሲያምን የኖረው አፌን የማልከፍተው ጥርሴን ስለሚያመኝ እንደሆነ ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ላገባ የተነሳሁት። ልጅቷ የጎባ ልጅ ናት። አንድ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ ሁለት ስህተት አገኘችብኝ፤ ሌላ ሰው ሊያገኝብኝ ከመቻሉ በፊት ማግባት እንዳለብኝ ገባኝ። ያሳደጓት አጎቷ ናቸው። ሽማግሌ ላክን፤ እሳቸው እምቢም እሺም ሳይሉ አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ቤት እየሠራ ነው አይደል? ጭቃው የሚመረግበትን ቀን ንገሩን። ያን ቀን መጥተን እናያለን።»

ቤቱ ከአባቴ በቀረልን መሬት ላይ፣ በሮቤ ዳር ያለ ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ ተተክሎ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፤ የቀረው ጭቃው ነው። የአጎትየውን መልእክት ስሰማ በእርግጠኝነት የተረዳሁት ግድግዳ ሊፈትሹ እንደሚመጡ ነው። ውሃ ልክ ተዋስኩ። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። አንዱ የጣት ውፍረት ያህል ዘሞ ስላገኘሁት ነቅዬ እንደገና ተከልኩት።

እናቴ ይህን ስታይ ቆየችና «ጎባ ውስጥ ግድግዳ የሌለ መሰለህ?» አለችኝ።

«ምን ሊያዩ ነው ታዲያ?»

«ሰው ሊያዩ ነዋ። ማን ይረግጥለታል፣ ማን ይመርግለታል ብለው ነው። አባትህ ሞቷል፣ ወንድም የለህም፣ አንተ ደግሞ አፍ የለህም። ‹ሰው የለውም› ብለው ከተመለሱ ልጅቷን እርሳት። ተነስና ዞረህ ጥራ።»

ዞሮ መጥራት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ለደቦ ሰው የሚጠራው በር ላይ ቆሞ በመጮህ አይደለም። ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ሰላምታው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ የቀረበው ይቀመሳል። ስለ ጭቃው ምንም አይነሳም። ሊወጡ ብድግ ሲሉ ብቻ፣ ነገሩ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ሆኖ «ቅዳሜ ጭቃ ነበረኝ» ይባላል። በቃ። ይህ በየቤቱ ይደገማል። ለአንድ ቤት የሚሆን ንግግር አልነበረኝም፤ ለአንድ ሠፈር የሚሆን ከየት ላምጣ? ያለኝ ማተሚያ ነው።

ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎችና ለሰፊው ኅብረተሰብ በሙሉ። በዕለተ ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ በሚካሄደው የመኖሪያ ቤት ምርጊት መርሐ ግብር ላይ በነቂስ በመውጣት የበኩላችሁን አስተዋጽኦ ታበረክቱ ዘንድ በታላቅ አክብሮት ተጋብዛችኋል።» «ታበረክቱ ዘንድ» የምትለዋ ላይ ብዙ ደክሜያለሁ። ከሥሩ በኦሮምኛ ደገምኩት። አንዱን የመብራት ምሰሶ ላይ፣ አንዱን የወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ አንዱን ሱቅ ላይ ለጠፍኩ፤ ፎቶ አንስቼም የሠፈሩ ቴሌግራም ላይ ላክሁት። ለእናቴም አነበብኩላት።

«ለማን ነው የተጻፈው?» አለች።

«ለሁሉም።»

«ሀጂን ግን ጠርተሃቸዋል?»

ሀጂ ከመንገዱ ማዶ ያሉ አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው። በሠፈራችን የመጀመሪያውን እፍኝ ጭቃ ዱዓ አድርገው ግድግዳ ላይ የሚያኖሩት እሳቸው ናቸው።

«ውስጥ አሉ» አልኳት።

ቅዳሜ ጉሙ ሳይነሳ ተዘጋጅተን ጨረስን። ጭቃው ከገብስ ጭድ ጋር ተቦክቶ ከሰነበተ ወዲህ ሽታው መንገዱ ድረስ ይሰማል፤ ያ ማለት ደርሷል ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ካልተመረገ ይበላሻል። ውሃው በጀሪካን ተደርድሯል። እናቴ ለሠርግ የሚያስፈልግ የሚመስል ድስት ሙሉ ገንፎ ታገነፋለች፤ ቅቤው ተነጥሯል፣ ብርጭቆ ከየቤቱ ተለምኗል። ልብ በሉ፤ ብርጭቆውን ያዋሱን እነዚያው የምንጠብቃቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ውሃ ልኬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ የመጣው ከጀርባችን ቤት የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ከሌላ ክልል የመጣ ደግ ሰው ነው፤ የሚያስተምረው ስለ ኅብረተሰብ ነው። ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጓል።

«ማስታወቂያህን አየሁት። ግሩም አጻጻፍ ነው!» አለኝ። «‹ታበረክቱ ዘንድ› የምትለዋን ወደድኳት።»

የዚያ ጠዋት የመጨረሻው ደስታዬ ይህ ነበር። ሁለተኛው ሰው የማላውቀው፣ ኮት የለበሰ፣ ደረቱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነው። ግራ ቀኙን አየና «ስብሰባው እዚህ ነው?» አለ።

«ደቦ ነው።»

«ወረቀቱ መርሐ ግብር ነው የሚለው። አበል አለው?»

«ገንፎ አለ።»

«የትራንስፖርትስ?»

ከየት መጣህ ብዬ ብጠይቀው ከሁለት መንገድ ወዲያ ነው። ጭቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማውን አየ። «በነቂስ ውጡ ብላችሁ ስታበቁ!» ብሎ እየተቆጣ ሄደ። እናቴ ለሰውየው ብላ የቀዳችውን ሻይ መምህሩ ጠጣው።

ከዚያ ማንም አልመጣም። ጉሙ ተነሳ፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ወጣች፤ መምህሩም አንድ እፍኝ ጭቃ አንስቶ በሙሉ ጉልበቱ ግድግዳው ላይ ወረወረ። በማገሩ መካከል አልፎ ሌላው ክፍል ውስጥ ወደቀ። «ይቅርታ» አለ። ሄዶ አንስቶ ከዚያ በኩል ወረወረው፤ ወደኔ መጣ።

የእናቴን ፊት ላለማየት መንገድ መንገዱን ሳይ ሀጂን አየኋቸው። ከአጥራቸው በር አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ እኛ ይመለከታሉ። ተሻግሬ ሄድኩ።

«ሀጂ፣ ማስታወቂያውን አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። ልጄ አነበበችልኝ። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ተጽፏል።»

«ታዲያ ምነው?»

«እኔማ ይኸው ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ተቀምጬ እየጠበቅሁ ነው። ይህ ኅብረተሰብ የምትለው እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ልየው ብዬ።» ከዘራቸውን ወደ ቤታችን ዘረጉ። «የመጣው ያ ባለ ኮቱ ነው?»

«እርስዎስ ለምን አልመጡም?»

«እኔን ማን ጠራኝ?»

በዚህ ጊዜ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት፤ የሱሪያቸው እግር እስከ ጉልበታቸው ድረስ ተጠቅልሏል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ለጭቃ ተዘጋጅተው ነው የተቀመጡት።

«ሳይጠሩት ደቦ የሄደ ሰው ለገንፎው ነው የሄደው ይባላል» አሉኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ለእናትህ ገንፎ ብዬ ልሰደብ? እስቲ ሂድና እንደ አዲስ ና።»

«ከየት?»

«ከቤትህ ነዋ።»

መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ተመልሼ ተሻግሬ መጣሁ። ሀጂ ቤት ገብተው ጠበቁኝ። «አሰላሙ አለይኩም» ስል «ወአለይኩም ሰላም! ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋህ ከዓይን?» አሉ፤ እውነት ከተያየን የከረምን ይመስል። ተቀመጥኩ። ሻይ መጣ። ስለ ልጆቻቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ። ጭቃው እየደረቀ እንደሆነ እያሰብኩ ስለ በቅሏቸው ጠየቅሁ። እሳቸው አንዱንም ሳይዘሉ መለሱ፤ በቅሏ ላይማ ቆዩበት። በመጨረሻ ብድግ ብዬ «ሀጂ፣ ዛሬ ጭቃ ነበረኝ» አልኩ።

«ውይ፣ ዛሬ ነው እንዴ?» አሉ። «እንዴት አልነገርከኝም!»

ወደ ቀጣዩ በር ሄድኩ። በእኛ ሠፈር ወሬ ከሰው ይቀድማል፤ እኔ ስደርስ ሁሉም ሰምቷል። የሱቋ ባለቤት ገና ከሩቅ «ኅብረተሰቡ የለም፤ ወፍጮ ቤት ሄዷል» አለችኝ፤ ወገቧን ግን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ታጥቃለች። የአህያ ጋሪ የሚነዳው ጎረቤታችን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚወጣ ሰው ነው። ሆዱን መታ መታ አደረገና «ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ሰፊው ያልከው እኔን ነው?» አለ። ወገቤን ይዤ ብስቅ ወይም አንድ ነገር ብመልስ ጥሩ ነበር። እኔ ግን «አይደለም፤ ‹ሰፊው› እዚያ ላይ ብዛትን ነው የሚገልጸው» ብዬ አስረዳሁት።

ሰውየው ሚስቱን ጠራ። «ነይ ስሚው! ነይ ስሚው እንጂ!»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ብቻዋን የምትኖር አንዲት አሮጊት አለች፤ ያች በማመልከቻዬ «ውስጥ አለች» ያልኩላት፣ እግሯን የሚያማት። እሷ ጋ ስደርስ ሰላምታው ተሟሙቆልኝ፣ አፌ ራሱ እየሄደ ነበር። ደህና ነሽ ወይ፣ እግርሽስ፣ ቤቱስ አልኳት። «ላሟስ ደህና ናት?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ላም የለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ የለሁበትም። እዚያው መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሷ ግን በትሯን አንስታ «እግሬ አይረግጥልህም፤ እጄ ግን ይመርጋል» አለችና ከእኔ ቀድማ በሩን ወጣች።

ከቀትር በኋላ የአጎትየው ባጃጅ ከጎባ መንገድ ስትመጣ እኔ ጭቃው በሚረገጥበት ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። ሀጂ ዱዓ አድርገው የመጀመሪያውን እፍኝ ካኖሩ በኋላ ሠፈሩ በአንድ ድምፅ የወሰነው፣ ውሃ ልኬን ቀምቶ እኔን ጭቃ ውስጥ ማስገባት ነው። «ኅብረተሰብ፣ ርገጥ!» ይላሉ። «ኅብረተሰብ፣ ጠንከር በል! ኅብረተሰብ ለከፍተኛ እንግልት ተዳርጓል!» ማመልከቻዎቼን ይህን ያህል የሚያስታውሷቸው አይመስለኝም ነበር። መምህሩ ጫማውን ጥሎ ጭድ ይበትናል። አሮጊቷ ግንድ ላይ ተቀምጣ የታችኛውን ማገር ትመርጋለች፤ የእሷ ክፍል ከሁሉም የተስተካከለ ነው። ግድግዳው ከሦስት በኩል አልቋል።

አጎትየው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወረዱ። ረጅም ናቸው፣ ፊታቸው አይነበብም። ቤቱን አዩ፤ ሰዉን አዩ፤ መጨረሻ ላይ እስከ ጭኔ ጭቃ የሆንኩትን እኔን አዩኝ። ሁሉም ሰው እጁን ሰብስቦ ቆመ።

«እነዚህ ሰዎች ማናቸው?» አሉኝ።

ይህ ነበር የመጡበት ጥያቄ። ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ቃል ስሰበስብ ነው የኖርኩት። ነዋሪው ልበላቸው? ጎረቤቶቼ? ዘመዶቼ ናቸው ብዬ ልዋሽ? አፌን ከፈትኩ። የእናቴ ማማሰያ ገንፎው ላይ ቆሟል።

ሀጂ ጭቃ የነካ ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። «እኛ?» አሉ። «እኛ ኅብረተሰቡ ነን።»

ሰዉ ፈነዳ። ጋሪ ነጂው ሳቁ ገፍትሮት ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ የጀርባው ቅርጽ እስካሁን እዚያ አለ። አጎትየው አልሳቁም። እኔም ልጅቷን በልቤ ተሰናበትኳት። ጋሪ ነጂው ግን ወደ እሳቸው ቀረበና ከባጃጅዋ አጠገብ ቆሞ በኦሮምኛ ይተርክ ጀመር፤ ያልተደረገውን ጨምሮበት። ባለ ኮቱ በሱ ወሬ ውስጥ ሦስት ሰው ሆኗል። አንዱ ሮጦ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያለውን ወረቀት ገንጥሎ አመጣ፤ መምህሩ እንዲያነበው ተጠየቀ፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያነብ አድርጎ አነበበው።

አጎትየው እስከ «ዘንድ» ድረስ በጥሞና ሰሙ። «እሺ፤ በመጨረሻ ማን ጠራችሁ?» አሉ።

«ራሱ ነው፣ በእግሩ» አሉ ሀጂ። «ስለ በቅሎዬ ሳይቀር ጠይቆኛል።»

«እኔ ቤት ሁለት ብርጭቆ ጠጥቷል» አለች የሱቋ ባለቤት።

«እኔን ስለ ላሜ ጠየቀኝ» አለች አሮጊቷ ከግንዷ ላይ። «ላም የለኝም።»

«ላም የለሽም?»

«የለኝም። አልኩት። ‹አልሐምዱሊላህ› አለኝ።»

በዚህ ላይ ነው የአጎትየው ትከሻ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ብዙ ጊዜ ሳቅ ያልተጠቀሙ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል፤ ሲመጣባቸው የት እንደሚያደርጉት አላወቁም፤ ባጃጅዋን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸውን ጠርገው ኮታቸውን አወለቁና ለእናቴ አቀበሏት። «አንድ ግድግዳ ቀርቷችኋል፤ ጭቃው እንዳይደርቅ» አሉና ጫማቸውን ፈቱ።

እናቴ ኮቱን ተቀብላ በክንዷ ላይ ያዘችው። ማማሰያዋም እንደገና መሄድ ጀመረ።

ኒካሑ ታሰረ። ስሜን በሠፈሩ የሚያውቅ ሰው አሁን የለም፤ ኅብረተሰብ ነኝ። ሚስቴ እንኳ ምሳ ሲደርስ «ኅብረተሰብ፣ ና ብላ» ትላለች፤ ብቻዬን ሄጄ እበላለሁ። ማመልከቻ መጻፌን አልተውኩም፤ ቢሮዎቹ የሚገባቸው ያው ቋንቋ ስለሆነ «ኅብረተሰቡ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰዎቹ አሁን ሳነብላቸው «ተጽፈሃል» እያሉ ይስቁብኛል።

ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል። ጊዜው ሲደርስ ማተሚያዬን አልነካሁም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ዞርኩ። ሆዴ በሻይ ተነፋ። ሰላምታ አሁንም አይሆንልኝም፤ ከብቱን ከዝናቡ አስቀድማለሁ፣ አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ደረስኩ። አሮጊቷ ደጃፏ ላይ ነበረች። ስለ እሷ ጠየቅሁ፣ ስለ እግሯ፣ ስለ ቤቱ። ከዚያ የሚጠየቅ ጠፋኝ። እሷም በትሯን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«ላሟስ?» አልኳት።

«ደህና ናት» አለችኝ።